ዶክትሬቱ ሌላ፣ ፈቃዱ ሌላ፦ የአንዲት የደብረ ብርሃን ፊዚዮቴራፒስት ጉዳይ

ዲግሪ፣ ማስተርስ፣ ዶክትሬት። አብዛኞቻችን ትምህርትን የምናውቀው እንዲህ አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድሮ ነው። የላይኛውን የያዘ ሰው የታችኛውን ሁሉ ይችላል ብለን እናምናለን። ሕመም ወይም ጉዳት ያደረሰበት ሰው የዕለት ሥራውን መልሶ እንዲሠራ በሚያግዘው ሙያ፣ በኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ግን ይህ ሂሳብ አይሠራም። በዘርፉ ዶክትሬት ይዞ አንድ በሽተኛ እንኳ በሙያው ለማከም ፈቃድ የሌለው ሰው አለ። ሙያውን ገና ሀ ብሎ ለመጀመር ዶክትሬት የሚገባም አለ።

ይህን ልዩነት በገንዘብም በጊዜም ከፍላ ያወቀች አንዲት የደብረ ብርሃን ፊዚዮቴራፒስት አለች። ጉዳዩን የምጽፈው እሷው ፈቅዳልኝ ነው። ስሟን፣ የምትሠራበትን ሆስፒታልና ያመለከተችባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች አልጠቅስም። ትውልዷ መንዝ ስለሆነ እኛ ጓደኞቿ «የመንዟ ልጅ» እንላታለን፤ እዚህም በዚሁ ልጥራት። እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የማመልከቻ ደብዳቤዎቿን ሁሉ አብሬያት ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከመራመድ በኋላ ያለው ነገር

የመንዟ ልጅ በፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ አላት። ሥራ ይዛ ቅዳሜና እሁድ እየተማረች በኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ጨምራለች። የምትሠራበት ክፍል ጠባብ ነው። ሁለት አልጋ፣ ይዘውት የሚራመዱበት ብረት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መስታወት፤ በቃ። ከሚመጡላት ብዙዎቹ ስትሮክ ያገኛቸው ናቸው። ደም ግፊት እንዳለባቸው ሳያውቁ ኖረው አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ አካላቸው እምቢ ያላቸው። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ሳይቀር ይመጣሉ።

ሐሳቡን የጫሩባት ከመሐል ሜዳ በኩል የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ቀኝ ጎናቸው ደክሞ ነበር። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ተቀምጠው ሲመላለሱ ቆዩና በከዘራ መራመድ ቻሉ። ቤተሰቡ እልል አለ። በፊዚዮቴራፒ ሚዛንም ቢሆን ጥሩ ውጤት ነው። ሊሰናበቱ ሲመጡ «እንግዲህ እትዬ፣ ቤትዎ ሲገቡ ምን ይሠራሉ?» አለቻቸው። «ምን እሠራለሁ ልጄ፣ ተቀምጦ መብላት ነዋ!» አሏት።

ሴትዮዋ ሱፍ ፈታይ ነበሩ። ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ፈትለው ነው ልጆች ያሳደጉት። አሁን እንዝርት የሚያሾር እጅ የላቸውም። እንጀራም መጋገር አልቻሉም። ምጣዱ መሬት ላይ፣ ጉልቻ ላይ ስለሆነ ቁጢጥ ማለት ይጠይቃል። ሊጡን ቀድቶ ዙሪያውን ማፍሰስ፣ አክምባሎውን ማንሳት፣ በሰፌድ ማውጣት፤ ሁሉም ሁለት እጅ የለመደ ሥራ ነው። እግራቸው ድኖ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነው ሊኖሩ ነው።

መሰናበቱ ቀረና ሌላ ሥራ ተጀመረ። ምጣዱ ከፍ ባለ የጭቃ መደብ ላይ እንዲወጣ ልጃቸውን አሳመነችው። ሊጡ በትንሽ፣ እጀታ ባለው ጆግ እንዲቀዳ አደረገች። ደካማው እጅ ዕቃውን ደግፎ፣ ጠንካራው እጅ እንዲያፈስ አለማመደቻቸው። እንዝርቱ አልሆነም፤ ብዙ ሞክረው ተዉት። እንጀራው ግን ዓይኑ ትንሽ ጎደል ቢልም ተጋገረ። ይህን ሁሉ ያደረገችው በራሷ ግምት ነው። ማንም አላስተማራትም። ሆስፒታሉን ሊጎበኝ የመጣ አንድ የውጭ ሀገር ባለሙያ ታሪኩን ሲሰማ «ይህ እኮ ራሱን የቻለ ሙያ ነው» አላት። ነገሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሙያውን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ሰው በሕመም፣ በጉዳት ወይም አብሮት በተወለደ ችግር ያቃተውን የዕለት ሥራ መልሶ እንዲሠራ ማገዝ ነው። መልበስ፣ መብላት፣ መታጠብ፣ መጻፍ፣ ማረስ፣ መነገድ። ቴራፒስቱ አንዳንዴ ሰውየውን ያለማምዳል፣ አንዳንዴ ዕቃውን ይለውጣል፣ አንዳንዴ ቤቱን ያስተካክላል። ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባት ሕፃን ማንኪያ እንድትይዝ፣ እሳት ላይ ወድቆ ጣቶቹ የተጣበቁበት ልጅ እርሳስ እንዲጨብጥ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ቀኑን በሥራ እንዲያሳልፍ። በእኛ ደጋ፣ ከብርዱ የተነሳ እሳት ከቤት መሐል በማይጠፋበት አገር፣ የቃጠሎው ጉዳይ ብቻውን አንድ ባለሙያ ሙሉ ቀን ያሠራል።

አሜሪካ ውስጥ ሙያው ማኅበር አቋቁሞ ራሱን ያወጀው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ደግሞ ፈላጊውን አበዙለት። የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን በ1952 ተመሠረተ። አንድ ሰው በሙያው ለመመረቅ በተግባር ልምምድ ላይ ማሳለፍ ያለበትን ትንሹን ጊዜ 1,000 ሰዓት ብሎ የወሰነው ይኸው ፌዴሬሽን ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል። ጎረቤቶቻችን ኬንያና ታንዛኒያ ባለሙያውን ሲያሠለጥኑ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያውን የዲግሪ ፕሮግራም የከፈተው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በፈጠረው ትብብር የተገኘ ነው። የመንዟ ልጅ ስትማር ግን ይህ ምርጫ አልነበረም።

ከአሜሪካ የመጣው ምክር

ሜሪላንድ የሚኖር ዘመዷን ጠየቀችው። አጣርቶ ደወለላት። «ከ2027 ጀምሮ ያለ ዶክትሬት ወደዚህ ሙያ መግባት አይቻልም። ማስተርሱን እርሺው፤ ዶክትሬቱን በያ» አላት። ልጁ አልዋሸም። ያነበበው ነገር ጊዜው ያለፈበት ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው አካል እ.ኤ.አ. በ2007 መግቢያውን ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከ2027 ጀምሮ መግቢያው ዶክትሬት ብቻ ይሁን አለ። ትልቅ ክርክር ተነሳ። ውድነቱ፣ የመምህራን እጥረቱ፣ ድሃ ተማሪ ይገፋል የሚለው ስጋት። በመጨረሻ ውሳኔው ተቀለበሰ። ዛሬም በማስተርስም በዶክትሬትም መግባት ይቻላል። ሁለቱም ተመራቂዎች የሚቀመጡት ለአንድ ዓይነት ብሔራዊ ፈተና ነው። የሚያገኙትም ያንኑ ፈቃድ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። ለእኔ የጉዳዩ ትልቁ ስብራት ይህች የስልክ ምክር ናት። አጠር ያለውና ዋጋው የሚቀንሰው በር ገና ሳትሞክረው ተዘጋባት። ውሳኔው መቀልበሱን ስንደርስበት ማመልከቻው ሁሉ ገብቶ ነበር። አሜሪካ ያለ ዘመድ ቃል እኛ ዘንድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ታውቁታላችሁ፤ ማን ይከራከራል?

«ዶክትሬት» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። የመጀመሪያው የመግቢያ የሙያ ዶክትሬት ነው። በሌላ ትምህርት ዲግሪ ያለው ሰው ገብቶ ቴራፒስት ሆኖ ይወጣበታል። አሜሪካ ውስጥ ይህን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ቢያንስ 24 ሳምንት ሙሉ ቀን የተግባር ልምምድ አለው። ከዚያ ላይ 14 ሳምንት፣ ማለትም 560 ሰዓት፣ ተማሪው በመረጠው ርዕስ የሚሠራው የማጠቃለያ ሥራ አለ። ማስተርሱ የሌለው ይህ የመጨረሻው ነው።

ሁለተኛው አስቀድሞ ቴራፒስት ለሆነ ሰው የተዘጋጀ የሙያ ዶክትሬት ነው። ብዙው በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ሥራ ሳይለቁ ይማሩታል። ለጎንደር ተመራቂ ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን አንዳንዶቹ የአሜሪካ ፈቃድ ስለሚጠይቁ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ግድ ነው። ለመንዟ ልጅ አይሆንም፤ ቴራፒስት አይደለችማ።

ሦስተኛው ፒኤችዲ ነው። የምርምር ዲግሪ ነው። ኩዊንስ በተሃድሶ ሳይንስ፣ ማለትም ሰው ከሕመም ወይም ከጉዳት በኋላ እንዴት እንደሚያገግም በሚያጠናው ዘርፍ፣ ይሰጣል። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣሉ፤ እነሱ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ኮርስ ሳይኖር በጥናት ብቻ ነው። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1989 የሰው ልጅ የዕለት ሥራን ራሱን የሚያጠና የፒኤችዲ ዘርፍ እስከ መክፈት ሄዷል። ወደ ፒኤችዲ ለመግባት የግድ ቴራፒስት መሆን አያስፈልግም፤ ፊዚዮቴራፒስትም ነርስም ይገባል። ሲመረቅም ቴራፒስት አይሆንም። 1,000ውን ሰዓት ያላሟላ ሰው የቱንም ያህል ቢመራመር ያንን ፈቃድ አያገኝም።

የማመልከቻው ዓመት

ዘመድየው እንዳላት የመጀመሪያውን ያዘች። የማመልከቻ ሥራው የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ጊዜው አልተመቸም። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ በገመድ የሚመጣ መስመር ያለው ቢሮ ሁሉ የዘመድ ቤት ሆነ። እኔ የምሠራበት ግቢ ማታ ማታ ከጥበቃው ጋር ቡና እየጠጣን ፎርም ስንሞላ ከርመናል። የእንግሊዝኛ ፈተናውን ለመፈተን አዲስ አበባ መውረድ ነበረባት። 130 ኪሎ ሜትር በሰላሙ ቀን የጠዋት መንገድ ነው። በዚያ ዓመት ግን መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ ማንም አያውቅም። ፈተናው ከመድረሱ ቀደም ብላ ወርዳ አክስቷ ቤት ጠበቀች።

ወረቀቱን በቅደም ተከተል አልዘረዝርም፤ ሁለቱ ብቻ ይበቃሉ፤ እነሱ ናቸው ያደከሙን።

አንደኛው ቅድመ ትምህርት ነው። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ስታቲስቲክስ አላት። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ግን ከዚያ በላይ የአእምሮ ሕመም ሳይኮሎጂ፣ የሰው ልጅ ዕድገት ከልደት እስከ ሞት፣ ሶሲዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ ይጠይቃሉ። አንደኛ ዓመት ላይ ከወሰደችው አጠቃላይ ሳይኮሎጂ ሌላ በትራንስክሪፕቷ ላይ ምንም የለም። የጎደለውን በዶላር እየከፈለች ከአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ በኢንተርኔት ወሰደች። ኢንተርኔቱ ደግሞ ያው ነው። የሳይኮሎጂውን የመጨረሻ ፈተና መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ባለበት ሆቴል ካፌ ጨረሰችው።

ሁለተኛው የምልከታ ሰዓት ነው። አመልካቹ አንድ ፈቃድ ያለው ቴራፒስት ሲሠራ ተቀምጦ ማየት አለበት፤ ሙያውን አይቶ ይግባ ነው ነገሩ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የት? ደብረ ብርሃን ውስጥ ፈልገን አጣን። በመጨረሻ አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት የውጭ ሀገር ቴራፒስት ተገኘች። የመንዟ ልጅ የዓመት ፈቃዷን አውጥታ እሷን ስትከተል ሰነበተች። ወጪውን ብታማርርም ከሁሉ የጠቀማት ይህ ነው ባይ ነኝ። ቴራፒስቷ ቤት ለቤት ትሄድ ነበር። ስትገባ መጀመሪያ የምታየው በሽተኛውን ሳይሆን መግቢያውን ነው። ደፉ ስንት ነው? ሽንት ቤቱ የት ነው? ውኃውን ማን ይቀዳል? የመንዟ ልጅ ከዚያ ስትመለስ የሆስፒታሉን የመመርመሪያ ፎርም በጠላት ዓይን ማየት ጀመረች። ከፎርሙ ላይ ስለ ቤት የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም።

የዲግሪ ማስረጃዋን ማስላኩ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። የተማረችበት ተቋም የታሸገ ትራንስክሪፕት ለመላክ ብዙ አመላለሳት። እሱን ልተወው።

ሚያዝያ 2016 ላይ አንዱ ትምህርት ቤት ተቀበላት። ደብዳቤው ሲመጣ ሁላችንም ጮቤ ረገጥን።

ዋጋው አገር ይመርጣል

ደብዳቤው ሥር የክፍያው ዝርዝር ነበር። የእነዚህ ፕሮግራሞች የብዙዎቹ ጠቅላላ ዋጋ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ የእሷም እንደዚያው ነው። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ቅናሽ አድርጓል። የመኖሪያው ወጪ ሲጨመር ቅናሹ ይጠፋል። የአሜሪካ መንግሥት ለተማሪ የሚያበድረው ገንዘብ ለውጭ ዜጋ አይሰጥም። ለተማሪ ቪዛ የሚሆነውን ወረቀት ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ በባንክ ማሳየት አለባት።

አባቷ የደብረ ብርሃኑን ቦታ እንሽጥ አሉ። ገብስና በግ ሲነግዱ ኖረው የገዟት ቦታ ናት፤ ከተማዋ በፋብሪካ ስለተከበበች ዋጋዋ ጥሩ ነበር። «ለልጅ ያልሆነ ቦታ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። እናቷ ዝም አሉ። የመንዟ ልጅ ትምህርት ቤቱን አንድ ዓመት እንዲያቆይላት ጠየቀች፤ ፈቀዱላት። ይህ የሆነው ግንቦት ላይ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የ100 ሺህ ዶላር ትምህርት ከ5.7 ሚሊዮን ብር ተነስቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የአባቷ ቦታ ያው ቦታ ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ሂሳቡ ፈረሰ።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል፤ ብር ወደቀ፣ ልጅቱ ቀረች። እሷ ግን እንዲህ አታየውም። እኔም አላየውም። ምንዛሪው ባይለወጥ ኖሮም ሂሳቡ አንድ ችግር ነበረበት። የአሜሪካ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ96 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ያንን የሚያገኝ ሰው የትምህርቱን ዕዳ በጥቂት ዓመታት ይከፍላል። ደብረ ብርሃን ተመልሶ በሆስፒታል ደመወዝ የሚሠራ ሰው ግን ልጆቹም አይከፍሉት። እንግዲህ ያን ፕሮግራም በዕዳ የሚገባ ሰው፣ አፉ ምንም ቢል፣ አሜሪካ ለመቅረት ፈርሟል ማለት ነው። መቅረቱ ነውር አይደለም፤ የራሱ ሕይወት ነው። የመንዟ ልጅ የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ግን ሦስት ጊዜ «ተመልሼ» የሚል ቃል ነበር። እኔ ነኝ ያረምኩት፤ አውቃለሁ።

ማታ ላይ ይህን ቁጭ ብለን ስናሰላ «ለካ እኔ የጻፍኩትን ደብዳቤ ዋጋው አያውቀውም» አለች። ነሐሴ ላይ ቦታውን እንደማትፈልገው ጽፋ ላከች። በእጇ ሌላ ምንም አልነበረም። አባቷ ለሳምንታት ተቆጡ።

ክፍት የቀረው ቀዳዳ

የገንዘብ ድጋፍ ስንፈልግ አንድ ነገር ተገለጠልን። እርዳታ ሰጪው ዓለም ለምርምር እንጂ ለሙያ ፈቃድ ብዙም አይከፍልም። የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ዕድል የሆነው ፉልብራይት በሽተኛ መንካት ያለበትን የሕክምና ሥልጠና አይሸፍንም። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው የሚከፍለው፤ እዚያ ወደ ሙያው የሚያስገባው ማስተርስ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ካናዳም መግቢያው የሙያ ማስተርስ ነው፤ ተማሪው በአብዛኛው ከኪሱ ይከፍላል። ፒኤችዲ ሲሆን ግን ደመወዝ ቢጤ የሚቆርጥ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰርም ይገኛል።

ስለዚህ አቅጣጫ ቀየረች። የኅብረተሰብ ጤና ማስተርሷ እዚህ ላይ ዋጋ አወጣ። ለፕሮፌሰሮች በቀጥታ መጻፍ ጀመረች። ረጅሙን ደብዳቤ ትተን አጭር ጻፍን፦ እዚህ ደጋ ላይ ስትሮክ ያገኘው ሰው ወደ ሥራው የሚመለሰው በምን ሁኔታ ነው? እግሩ ድኖ እጁ ሲቀር ቤቱ ውስጥ ያለው ቦታ ምን ይሆናል? የመሐል ሜዳዋን እናት ታሪክ በአራት መስመር አስገባችው። ብዙዎቹ አልመለሱም። አንዲት ፕሮፌሰር መለሰች። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በተሃድሶ ሳይንስ የፒኤችዲ ተማሪ ሆና ተቀበለቻት። ክፍያው ተሸፍኗል። ትምህርቱ የሚካሄደው በከፊል እዚያ፣ በከፊል እዚህ መረጃ እየተሰበሰበ ነው። ሆስፒታሉ የትምህርት ፈቃድ ሰጥቷታል፤ ተመልሳ የምታገለግልበትን ውልም ፈርማለች።

ለማስተማርም ይህ ይሻላታል። የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ፒኤችዲን ያውቁታል፤ የማዕረጉም መንገድ የተጠረገ ነው። የሙያ ዶክትሬት ይዞ የሚመጣ ሰው ግን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምቱን እስኪሰጠው ድረስ ወረቀቱን እያስረዳ መዞር ሊኖርበት ይችላል።

ገና ሲጀመር ለፕሮፌሰሯ አንድ ጥያቄ አቀረበች። «ስጨርስ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት እሆናለሁ?» መልሱ አጭር ነበር፤ አትሆኚም። ዶክተር ትባላለች። ስለ ሙያው ትጽፋለች፣ ታስተምራለች፣ ፖሊሲ ላይ ትናገራለች። ለአንዲት እናት ምጣድ ከፍ ስታደርግ ግን ያንን የምታደርገው በፊዚዮቴራፒስትነቷ ነው።

ይህ ለወራት አንገበገባት። አንድ ጓደኛችን «ጎንደር ገብተሽ የመጀመሪያ ዲግሪውን ለምን አትማሪም?» ሲላት መጀመሪያ ሳቀች። ማስተርስ ያላት ሴት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጡ ልጆች ጋር? እኔ ግን ቀልድ አይመስለኝም። ዓላማው በሽተኛ ማከም ለሆነ ሰው፣ ከዚህ ሁሉ መንገድ ርካሹና ቀጥተኛው እሱ ነው። ሰው የሚጠላው ወደ ታች የወረደ ስለሚመስለው ነው። እሷም በመጨረሻ የተወችው በማፈር አይደለም፤ ዕድሜዋንና ሁለት ልጆቿን አስልታ ነው።

የመረጠችው መፍትሔ ጥናቱ ውስጥ ነው ያለው። ጥናቱ ሰዎቹን መመዘን ብቻ ሳይሆን ቤታቸው ሄዶ ማገዝንም ይጨምራል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የማገዙን ክፍል ፈቃድ ያለው ቴራፒስት ይምራው አለ። ትክክል ነው። ስለዚህ ከጎንደር የወጣ አንድ ወጣት ቴራፒስት ቀጠረች። ልጁ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው ያለው። እሷን «እህቴ» ይላታል፤ እሷ ደግሞ ሥራ ላይ አንቱ ልትለው ምንም አይቀራት። የማን ቤት ምን እንደሚደረግ የሚወስነው እሱ ነው። እሷ ትጠይቃለች፣ ትመዘግባለች፣ ትከራከራለች። እሱ ካልፈረመ አይሠራም።

ሆስፒታሏ ውስጥ ለዚህ ልጅ የሚሆን የሥራ መደብ የለም። በጥናቱ ገንዘብ ነው የሚከፈለው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ እሱም ያበቃል። መደብ እንዲፈቀድ የተጻፈው ደብዳቤ «የሥራ ጫናው በማስረጃ ይደገፍ» ተብሎ ተመልሷል። የስትሮክና የቃጠሎ በሽተኞችን ከመዝገብ ቆጥረው በድጋሚ አስገብተዋል። መልሱ እየተጠበቀ ነው።

ባለፈው ደብረ ሲና በኩል ያለውን ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ ልጁ የጥናቱን መጠይቅ አይቶ መለሰላት። ከውጭ የመጣው ፎርም «ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ገበያ መሄድ» ይላል። «እህቴ፣ ከምንጠይቃቸው ግማሾቹ አራሽ ወንዶች ናቸው። ይህን ብጠይቃቸው ሚስቴን ጠይቅ ነው የሚሉኝ» አላት። ሞፈር መጨበጥ፣ በግ መሸለት፣ ፈረስ መጫን፣ አጥር ማጠር ይግባ አለ። ፕሮፌሰሯ ዓለም አቀፍ ፎርም አይነካም ብላ ጥቂት ተከራከረች። በመጨረሻ ለብቻው በሚያያዝ ገጽ እንዲገባ ተስማሙ። ገጹን እኔ ነኝ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት፤ ሞፈር ላይ ትንሽ ላብ አፍስሻለሁ።